ጠበል ያልሆነው ቢጫ ጀሪካን

ጥቁር የለበሰች ሴት ቢራ ይዛ ታክሲ ውስጥ መግባት የለባትም። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያወጣሁት ግን ከገባሁ፣ ከወረድኩ፣ ነጠላዬን ከጨመቅኩና ቤቴ ተመልሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ስለሆነ ለእኔ አልደረሰልኝም። ከእናንተ ለአንዷ ይደርስላት እንደሆነ ብዬ ልጻፈው። ከቀናኝ ትስቃላችሁ፤ እኔም ሳወራው እስቃለሁ። የሚቆጨኝ ስቄ ስጨርስ ነው።

ባለቤቴ አሰፋ የሊፍት ጠጋኝ ነበር። ቦሌ ውስጥ እሱ ሊፍቱን ያልነካው ፎቅ ካለ ሊፍት የሌለው ፎቅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሰው ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ራሱ መግቢያ ጠፋው። ጎሮ ያለችው ቤታችን ውስጥ መዋል ጀመረ። ጡረታ የወጣ ባል ቤት ሲውል ምን እንደሚመስል ያየች ታውቀዋለች፤ ያላየች አትቸኩል፣ ይደርሳታል። ጮሆ የማያውቀውን በር ዘይት ይቀባል። የጨው ዕቃዬን ከታች ወደ ላይኛው መደርደሪያ ያወጣውና «እንዲህ ይቀላል» ይለኛል። ለማን ነው የሚቀለው? እሱ እንደሆነ ወጥ ሠርቶ አያውቅ።

እንዲህ ሆነን ሳለን አንድ ቀን ከቦሌ ተደወለለት፤ ሊፍት ቆሟል፣ ድረስልን። ከፎቁ አናት ላይ ወጣቶች የራሳቸውን ቢራ እየጠመቁ የሚሸጡባት ጠባብ ቤት አለች። ሊፍቱን ሠርቶ ሲጨርስ ቅመስ ብለው አንድ ብርጭቆ ሰጡት። ማታ ሲመጣ ዓይኑ እንደ ሙሽራ ዓይን ያበራል።

«ቢራ እኮ ቤት ውስጥ ይጠመቃል!» አለኝ።

«ታዲያ እናቴ ስትጠምቅ የኖረችው ምን መስሎህ ነው?»

«እሱ ጠላ ነዋ።»

«ይሄስ?»

«ይሄ ቢራ ነው።»

ልዩነቱን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። በመጨረሻ ግን ገባኝ። ጠላን ሴት ትጠምቀውና ዝም ትላለች፤ ቢራን ወንድ ይጠምቀውና ለሰፈሩ ሁሉ ይናገራል።

በሳምንቱ መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ በርሜል ገባ። ከዚያ ወዲያ እኛ ጓሮ በሳፋ ስንታጠብ ቢራው መታጠቢያ ቤት ኖረ። የመጀመሪያው ጥንስስ የዛገ ሚስማር ጣዕም ነበረው። የሚቀጥለው አልጋችን ሥር ሆኖ ሲፈነዳ ጎረቤታችን ጥይት መስሎት በሩን ከውስጥ ቀረቀረ፤ ሳይከፍት እስከ ቀትር ዋለ። ከዚያ ደግሞ የኮመጠጠ መጣ፤ እሱን ሰላጣ ላይ ጨመርኩት፤ እውነቱን ለመናገር ሰላጣው መጥፎ አልነበረም።

የፈለገውን ያህል ይክፋ፣ አሰፋ አንድም ቀን ብቻውን ቀምሶ አያውቅም። «ብቻሽን የጠጣሽው ቢራ ጠጣሽው እንጂ አልቀመስሽውም» ይለኝ ነበር። ሁለት ብርጭቆ ያቀርባል፣ ፊት ለፊት እንቀመጣለን፣ እኩል እንጎነጫለን፣ ከዚያ ፊት ለፊት እንተያያለን። ቀድሞ ፊቱን ያጨማደደ የዚያን ማታ ዕቃ ያጥባል። ሁልጊዜ የሚያጥበው እሱ ነበር። ዕቃ ማጠብ ወዶ አይደለም፤ ፊቱ መዋሸት አይችልም። «አልሆነም» ይልና እጅጌውን ይሰበስባል።

እነዚያ የቦሌ ልጆች በየወሩ መጨረሻ እሑድ ከሰዓት የቅምሻ ቀን አላቸው። ሁሉም የጠመቀውን ይዞ ይመጣል፣ ይቀዳዳሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ያወራሉ። አሰፋ አንድም እሑድ ቀርቶ አያውቅም፤ ከመካከላቸው ፀጉሩ የሸበተው እሱ ብቻ ነው። ልጆቹ አክባሪዎች ናቸውና ያመጣውን ሁሉ «አሪፍ ነው ጋሼ» እያሉ ይውጡለታል። እሱ ደግሞ በዚህ ይበሳጫል። ከሁሉ የሚወደው ዳዊት የሚባለውን ነበር፤ ዳዊት ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ጋሼ፣ ይሄን እንኳ አይድገሙት» የሚል ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ዕለት አሰፋ እየሳቀ ነው የመጣው። «የሚያከብረኝ ሰው አገኘሁ» አለኝ።

የመጨረሻውን ከጥምቀት በኋላ ጠነሰሰው። ገብሱን በራሱ እጅ ቆላው፤ እኔን ምጣዱን አላስነካኝም። ከጌሾው ቀነስ አደረገ፣ ለእርሾው ደግሞ ጥቂት ማር ሰጠው። ቅበላ ላይ ጠርሙስ ውስጥ አስገብቶ ቆርኪውን ገጠመና ጠርሙሶቹን ከአልጋ ሥር ደረደራቸው።

«ፋሲካ ይከፈታል» አለ። «ይሄኛው ሆኗል።»

«ሳትቀምሰው በምን አወቅህ?»

«ሊፍት ከመነሳቱ በፊት ድምፁን ሰምቼ አውቅ የለም እንዴ? መጀመሪያ ይመርሻል። እዚያ ላይ ከተፋሽው ቀረብሽ። ትንሽ ከታገሥሽው ቆሎ ቆሎ ይላል። በመጨረሻ፣ ከምላስሽ ሥር፣ ማር የነበረበትን ዕቃ ይመስላል። ማሩን አላልኩም፤ ዕቃውን።»

ጾሙ ሳይጋመስ ሞተ። ስለዚያ እዚህ አልጽፍም።

ፋሲካ መጣና ሄደ። ጠርሙሶቹ ከአልጋዬ ሥር፣ እኔ ከላይ ሆነን ሰነበትን። ብቻዬን ከፍቼ እንዳልቀምስ እሱ ያለው ትዝ ይለኛል፤ ፊት ለፊቴ ማን ተቀምጦ ፊቱን ሊያጨማድድ ነው? ግንቦት ላይ ዳዊት ደወለ። «እትዬ፣ የጋሼ ቢራ ተርፎ ከሆነ ለእሑድ ይምጡልን። እኛም እንቅመስላቸው፣ እርስዎም ከእኛ ጋር ይቅመሱ። መኪና ይዤ መጥቼ ልውሰድዎት?» አለኝ።

ከሞተ ወዲህ የምፈልገውን ነገር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ «አይዞሽ» ያለኝ ግን ብዙ ነው። የዚያን ቀን ግን የምፈልገውን አወቅኩ። ያ ልጅ ብርጭቆውን አስቀምጦ «ሆኗል» ሲል በጆሮዬ መስማት ፈለግኩ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

እዚህ ላይ እትዬ ብዙነሽን ላስተዋውቃችሁ። እትዬ ብዙነሽ የሰፈራችን የሴቶች እድር ሰብሳቢ ናቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ አሰፋ የሞተ ጊዜ ድንኳኑ ሲተከልም ሲነቀልም ከአጠገቤ አልተለዩም። ሐዘን የወጣለት ሥርዓት አለው ብለው የሚያምኑ፣ ሥርዓቱንም በቃላቸው የያዙ ሰው ናቸው። አንዲት ጎረቤታችን የባሏ ሙት ዓመት ሳይወጣ የጆሮ ጌጥ ብታደርግ፣ ቤቷ ድረስ ሄደው ተቀምጠው ጆሮዋን እያዩ ዝም አሏት። ምንም አልተናገሯትም። ሴትዮዋ ጌጡን ብቻ ሳይሆን መነጽሯንም አወለቀች ይባላል።

እንግዲህ እኔ ጥቁሬን ለብሼ፣ እያቃጨለ የሚሄድ የቢራ ጠርሙስ ተሸክሜ፣ በእትዬ ብዙነሽ ደጃፍ ላልፍ ነው? ዳዊትም ፀጉሩን አጎፍሮ መኪና ይዞ መጥቶ ከባል የሞተባት ሴት ቤት ቢራ ሲያወጣ ቢታይ ከዚያ የባሰ ነው። «ራሴ አመጣዋለሁ» አልኩት። ከዚያም፣ ሰው ቂል ሲሆን ከሁሉ የሚያኮራው ሐሳብ ስለሚመጣለት፣ ለእኔም መጣልኝ። ጀሪካን!

ወደ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ በሰፈራችን ከእሱ ሱቅ የታጣ ነገር የትም አይገኝም።

«ሰይዶ፣ ትንሽ ጀሪካን አለህ? ንጹሕ የሆነ።»

አዲስ ቢጫ ጀሪካን አወረደልኝ። ልብሴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለጠበል ነው፣ እትዬ?»

ቢራ ልበለው? በሃይማኖቱ መጠጥ ነውር የሆነበትን ሰው፣ ከደጁ ቆሜ? «እ...» አልኩ። «እ» አዎ አይደለም፤ አይደለምም አይደለም። ሰይድ ግን እንደ አዎ ተቀበለው።

«ለጠበልማ ከሆነ ሒሳብ አልነካም። አብሽሩ እትዬ፣ አላህ ያሽርዎት» አለኝ። ጀሪካኑን በሁለት እጄ ተቀብዬ ወጣሁ። እፍረቴ ከጀሪካኑ ይከብድ ነበር፤ ጀሪካኑ ገና ባዶ ነውና።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ከፍቼ ቢራውን ገለበጥኩት። ሲከፈት እፎይ ብሎ ይተነፍስ ነበር፤ አሰፋ ከረጅም መንገድ መጥቶ ጫማውን ሲያወልቅ እንደሚተነፍሰው። ጥቁር ነው፣ አረፋው የወተት ቡና ቀለም አለው። ጣቴን እንኳ አላስነካሁም። አንዷን ጠርሙስ ለብቻ ላስቀር አላልኩም፤ «ምን አደርጋታለሁ፣ ከልጆቹ ጋር ልቀምሰው አይደል?» አልኩ። ጀሪካኑን እስከ አንገቱ ሞላሁት፣ ክዳኑን ባለኝ ጉልበት አጠበቅኩት፣ በነጠላ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቀፍኩት። ይህን ሁሉ ሳደርግ ምን ያህል ብልህ እንደመሰልኩ ብታዩኝ!

ቢራ አውቃለሁ የምትሉ እዚህ ላይ ራሳችሁን ይዛችኋል። እኔ የማውቀው ጠላ ነው። ጠላ በጀሪካን ከጎሮ ጫፍ እስከ ቦሌ ቡልቡላ ቢሄድ ያው ጠላ ነው።

የመገናኛ ታክሲ በር ላይ ረዳቱ አስቆመኝ። ጢሙ የተንጨባረረ ጎልማሳ ነው።

«እናት፣ ቤንዚን ነው?»

«አይደለም።»

«ቤንዚን ከሆነ አንጭንም። ባለፈው አንዱ ዘይት ነው ብሎን አፍንጫችን ጠፍቶ ነው የደረስነው።»

«አይደለም አልኩህ እኮ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ምንድነው?»

ዝም አልኩ። ከፊተኛው ወንበር ነጭ ነጠላ የለበሰች ጠና ያለች ሴት ዞረች። «አንተ ሰውዬ፣ ዓይን የለህም? ልብሷን አታይም? አስተቃቀፏን አታይም? ጠበል ነው እንጂ!»

ረዳቱ ደነገጠ። «አፉ በሉኝ እናት፤ ግቡ፣ ከፊት ይቀመጡ» ብሎ ክንዴን ደግፎ አስገባኝ። ተቀመጥኩ። እንደ ሰይድ ሱቅ ሁሉ አሁንም አልዋሸሁም። ዝም ብቻ ነው ያልኩት። ዝምታዬ ግን በዚያን ሳምንት ሳይታክት እየሠራልኝ ነበር።

«ከየት ነው የኔ እናት?» አለች ባለነጭ ነጠላዋ።

«ከቤት።»

«የደብሩን ነው የምልሽ።»

«ሩቅ ነው።»

«ሩቁ ነው የሚፈውሰው» አለችና ለጎኗ ሰው ነገረችው። ጎኗ ያለው ሰው ለኋላው ነገረ። ገርጂ ስንደርስ ታክሲው ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ገርጂ ላይ ደግሞ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ቆመ። ፀሐዩ ጣራውን ይጠብሳል። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«እህቴ፣ ወገቤን ታምሜ መቀመጥም መነሳትም አቅቶኛል። ትንሽ ጠብ ብታደርጊልኝ?»

«አይ... ለሰው የተላከ ነው» አልኩ።

«ለጠብታ ደግሞ! ጠበል ተከፍሎ ያልቃል እንዴ?» አለች ባለነጭ ነጠላዋ።

በዚህ መሐል ጭኔ ላይ አንድ ነገር ተሰማኝ። ጀሪካኑ እያበጠ ነው። ከጎሮ ጀምሮ በኮረኮንቹ ሲናጥ መጥቶ፣ አሁን ደግሞ ሙቀት አገኘ። ጎኖቹ ወጡ፣ ሥሩ ተወጠረ፣ ክዳኑ ዙሪያ ስስስ... ይላል። ነጠላው ገለጥ ሲል ባለነጭ ነጠላዋ አየችው።

«እዩት! ኃይሉን እዩት!» ብላ አማተበች። ከኋላም ሁለት ሦስት ሰው አማተበ።

ይህን መሸከም አልቻልኩም። ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ በቢራ ላይ ሰው ሲያማትብ ማየት ሌላ ነው። ሳላስበው ድምፄ ወጣ። «ጠበል አይደለም! ቢራ ነው! ባለቤቴ የጠመቀው ቢራ ነው!»

ሹፌሩ በመስተዋቱ አየኝ። ከዚያ አንዱ በሹክሹክታ «ባሏ ከሞተ ቆየ?» ሲል፣ ሌላው «ገና ይመስላል» ሲለው ሰማሁ። ባለነጭ ነጠላዋ እጄን በእጇ ያዘችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«አይዞሽ የኔ እናት። እኔም ወንድሜ የሞተ ጊዜ ያልሆነ ነገር እናገር ነበር። ሐዘን ነው፣ ያልፋል። ነይ እኔ ልክፈትልሽ፣ አንቺም ጠጪለት» አለችና፣ እጄን በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው ክዳኑን አሽከረከረችው።

«አትክፈቺው!» ያልኩ ይመስለኛል።

የሆነውን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ አልችልም፤ ሁሉም በአንዴ ነው የሆነው። ክዳኑ ጣራውን መታ። ቢራው ተከትሎት ወጣ፤ ጣራውን ነክቶ በሁላችንም ላይ ተመለሰ። ሹፌሩ ደንግጦ የዝናብ መጥረጊያውን ለቀቀው፤ መስታወቱ ከውጭ ደረቅ ስለነበር ሲፋቅ ሲፋቅ ይጮሃል። ረዳቱ «ቤንዚን አይደለም! ቤንዚን አይደለም!» ይላል፤ ማንን እንደሚያጽናና አላውቅም። ወገቡን የሚያመው ሰው ከፊቱ ያለውን ወንበር ዘሎ በሩ ላይ ደረሰ። ከዚያ ጉዞ የተፈወሰው እሱ ነው። ባለነጭ ነጠላዋ ዓይኗን ጨፍና መዳፏን ዘርግታ ተቀበለችው። ቆይታ ከንፈሯን ላሰችው። አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«ይሄ ጌሾ አለው» አለች።

ከኋላ ደግሞ አንድ የጎልማሳ ድምፅ «ይሄ ነገር ግን ቆንጆ ነው!» ሲል ሰማሁ። ዞሬ ማን እንደሆነ አላየሁም፤ ጀሪካኑን በመዳፌ ለመድፈን እየታገልኩ ነበር። እስከ ዛሬ ጎሮ ታክሲ ውስጥ ያን ድምፅ እፈልጋለሁ።

ያልዞርኩት ለሌላም ምክንያት ነው። ከመጨረሻው ወንበር «ውይ!» የሚል ሌላ ድምፅ ሰምቼ ነበር። እሱን አውቀዋለሁ። እድር ላይ በየወሩ እሰማዋለሁ። በመጨረሻ ቀስ ብዬ ዞር ስል፣ እትዬ ብዙነሽ መነጽራቸው አረፋ ለብሶ፣ አፋቸው እንደተከፈተ ተቀምጠዋል። ልብ አላልኩም እንጂ ከጎሮ ጀምሮ አብረውኝ ነበሩ። ዓይን ለዓይን ተያየን። አፋቸውን ከደኑ። ዋጡ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

መገናኛ ወረድኩና እየሮጥኩ የቦሌ ታክሲ ያዝኩ። ከላይ እስከ ታች ቢራ ቢራ እሸታለሁ። አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። ከፊት ሁለት ሴቶች ዞር ብለው አዩኝና አንዷ «እሳቸው ደግሞ ሐዘኑ ከብዷቸው ነው መሰለኝ፣ ጀምረዋል» አለቻት።

ፎቁ ጋ ስደርስ ሊፍቱ ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። መቼ ነው የተበላሸው ብዬ ጥበቃውን ጠየቅኩት። «ኧረ ቆየ፤ የሚሠሩት ሰውዬ ከጠፉ ወዲህ ነው» አለኝ። ሰውዬው የት እንደጠፉ አልነገርኩትም። ጀሪካኑን አቅፌ ደረጃውን ወጣሁት።

ልጆቹ ተነስተው ተቀበሉኝ። ጠረጴዛው በትንንሽ ብርጭቆ ተሞልቷል። ሜላት የምትባለው ልጅ በማንጎ የጠመቀችውን ታስቀምሳለች፤ «አሮማውን አያችሁት? ፊኒሹ ላይ ደግሞ ላይት ነው» ትላለች። ሌላው በኮረሪማ ጠምቋል። አንዱ ከጤፍ የሠራው እንደ አጥሚት ወፍሮ ብርጭቆው ውስጥ ተኝቷል። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ለአሰፋ ወንበር አስቀምጠውለታል፤ በዚያ አስቀመጡኝ።

ጀሪካኑ ሥር የቀረውን ቀዳሁላቸው። ለሁሉም አንድ አንድ ጉንጭ ደረሰ። እናቴ ለእንግዳ ስትቀዳ እንደምታደርገው መጀመሪያ በመዳፌ ጠብ አድርጌ እኔው ቀመስኩ። ሙቅ ነው። አረፋ የለውም። መረረኝ። አሰፋ እንዳለኝ አልተፋሁትም፣ ታገሥኩት። ከመራራው በኋላ የመጣው ጀሪካኑ ነው።

«አሪፍ ነው እትዬ» አለች ሜላት።

«ሶፍት ነው፣ ይመቻል» አለ ባለ ኮረሪማው።

እኔ ዳዊትን ነው የማየው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳ፣ አሸተተ፣ ጎነጨ፣ አስቀመጠ። ፊቱን አላጨማደደም።

«እትዬ፣ እኔ በዚህ ልፈርድ አልችልም» አለኝ። «ጋዙ ወጥቷል። ሞቋል። ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ጋሼ የጠመቁት ይሄን አይደለም።»

«አይደለም» አልኩ።

«በጠርሙስ የቀረ የለም?»

«የለም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

ራሱን ዝቅ አድርጎ ነቀነቀ። ያን ልጅ አሰፋ ለምን እንደወደደው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ምነው የዚያን ዕለት እንኳ ትንሽ በዋሸኝ!

በማግሥቱ ሰይድ ከሱቁ ደጃፍ ጠራኝ። «እትዬ፣ ጠበሉ እንዴት ሆነ?»

«አለቀ፣ ሰይዶ።»

«ጠቀመዎት?»

«አንድ ሰውዬ ወገቡ ተሻለው» አልኩት። «አልሐምዱሊላህ» አለ። ውሸት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ብዙነሽን ስጠብቅ ሰነበትኩ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እንደዚያች ሴት መነጽሬን አወልቃለሁ። መጨረሻ ላይ፣ ዝናብ በሚያካፋበት አንድ ከሰዓት፣ መጡ። ጥላቸውን አራግፈው ገቡ፣ ተቀመጡ። የእድሩ ድንኳን አይጥ እንደበላው አወሩኝ። የመብራቱን መጥፋት አወሩኝ። ከዚያ ዝም አሉ። አሁን መጣ አልኩና መሬት መሬቱን አየሁ።

«ያ...» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ነገር አልተረፈም?»

«የቱ ነገር፣ እትዬ?»

«ምኑን አታውቂውም! ያ ታክሲው ውስጥ... አፌ ተከፍቶ አገኘኝ እኮ! ልጠራሽ ብዬ ነበር፤ ‹ለእኛም ጠብ አድርጊልን› ልልሽ። እኔ እንደምታውቂኝ መጠጥ ባፌ አይዞርም...»

«አውቃለሁ።»

«... እና መጀመሪያ መረረኝ። ልተፋው ነበር፤ ግን ሰው መሐል የት ይተፋል? እንደያዝኩት ቆየሁ። ስቆይ ምን አለኝ መሰለሽ? ቆሎ! የሞቀ የገብስ ቆሎ። ከዚያ ስውጠው ደግሞ ከምላሴ ሥር አንድ ነገር ቀረ...» ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እጃቸው ቃሉን አየር ላይ ይፈልጋል። «ማር እንዳልልሽ ማር አይደለም። ማር የነበረበት ቅል ስታሸቺ የሚመጣው ነው። ምን ሠራበት ሰውዬው?»

ያን ያህል ወር ሳላለቅስ የከረምኩ ሴት፣ እትዬ ብዙነሽ ፊት አለቀስኩ። ፈርቼ ያለቀስኩ መስሏቸው «እኔ እኮ ለማንም አልተናገርኩም፣ አትፍሪ» አሉኝ።

«እንደገና ይንገሩኝ» አልኳቸው።

አሁን በየሳምንቱ ይመጣሉ። ፊት ለፊት እንቀመጣለን፤ በመካከላችን ሻይ ነው ያለው። ወሬው ሲያልቅ እጠይቃቸዋለሁ፣ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ይጀምራሉ። መራራው፣ ቆሎው፣ የማሩ ቅል። በዚህ ሰሞን ደግሞ ትንሽ የጭስ ሽታ ነበረው ማለት ጀምረዋል፤ ያለፈው ሳምንት ብርቱካን ጨመሩበት። ይኑረው፣ አይኑረው፣ አላርማቸውም። በምን አውቄ ላርማቸው?